ድሬ የማትል ሸረሪት

ፎቶሽን ላወርደው ምስማሩን ስነካ፣
ብቻሽን አልነበርሽም ግድግዳው ላይ ለካ።
ከመስታወቱ ጀርባ፣ ከኖራው ስንጥቅ ዳር፣
አንዲት ሸረሪት አለች፣ ዝርግ እንደ ቴምብር፤
አመድ የመሰለች፣ ነቁጥ የበዛባት፣
ማን ይሆን በመዳፉ
ጠፍጥፎ ጠፍጥፎ እዚያ የለጠፋት?

የሞተች መስሎኝ
እፍ አልኳት።
ዐይኔ ሳይከተላት በጎን ተሽከርክራ፣
ምላጭ ከማይገባው ስንጥቅ ተሰውራ፣
አንዲት እግሯን ብቻ ውጭ ረስታ ቀረች።

ድር የላትም ይቺ።
ጥግ ይዛ አታደራም፣ ዝንብ አታጠምድም፤
«ድር ቢያብር» የሚሉት እሷን አይመለከትም፣
አንበሳ ልታስር አልተፈጠረችም።
ከለገሃሬ እስከ ሰቢያን፣ ባጃጁም ሰዉም
«ድሬ፣ ድሬ» ሲል፣
የሷ አፍ አይደፍርም።
ምን ፈትላ፣ ምን አድርታ፣ የቱን የኔ ትበል?

አንቺስ መች ነበረሽ
ቀፊራ ላይ መደብ፣ ታይዋን ላይ ቆርቆሮ፣
በስምሽ የቆመ አንድ እንጨት፣ አንድ ማገር?
የነበረሽ ባቡር ነው፣
ከደወሌ የሚነሳ የማታ ባቡር።
ቀጭን ሆነሽ ሄደሽ ወፍራም ትመጫለሽ፤
ሰባት ድሪያ ደርበሽ፣ ናይሎን ታጥቀሽ፣
የሽቶ ጠርሙስ ከጡትሽ ሥር ሸጉጠሽ፣
በሁለት ቀን ውስጥ ወሯ የገባ ነፍሰ ጡር።
ገንደ ቆሬ አይስቅም።
ገንደ ቆሬ ይጠብቃል፣
ሽቲው ተሸጦ ዱቄት እስኪሆን።

ሽንሌ ሲደርስ ባቡሩ ሲያቃስት፣
ተክለየስ ይወጣል፣ በእጁ የባትሪ መብራት።
ያን ጊዜ አንቺና ሆዳን ከአግዳሚው ሥር ናችሁ፣
በከሰሉ ጆንያና በብረቱ መሃል።
ሰባት ድሪያ ለብሶ ሰው እንዴት ይሳሳል?
ዛሬም አልገባኝም።
ትንፋሽሽን አውጥተሽ፣ መልሰሽ ሳትስቢ፣
ብረቱን መሰልሽ፣ ዝገቱን መሰልሽ፤
ባትሪው በላይሽ አለፈ፣
ሆዳን ላይ ቆመ።

በእግሯ ይዞ ጎተታት።
ስምሽን አልጠራችም። «ዘነቡ» ብትል አልቆ ነበር።

አንድ ቀን ብቻ፣ በሽታው ሲጠናብሽ፣
ፊትሽን ወደዚህ ግድግዳ አዙረሽ፣
«እጄን ያዘችኝ» አልሽ።
ቆየሽ።
«እኔ አልያዝኳትም።»

ያን ሌሊት፣ ቤት ገብተሽ፣ ድሪያውን ስትፈቺ፣
አንዱን፣ ሁለተኛውን፣ ሦስተኛውን፣
ሰባተኛው ሲወልቅ የቀረሽው አንቺ
ከጨርቁ ትሳሺ ነበር።
በነጋታው የሆዳንን ልጅ አዝለሽ መጣሽ፤
ዚያድ ከኔ ጋር በአንድ ሳህን በላ።
እናቱን ጠብቀን፣ ጠብቀን፣
ባቡሩ ራሱ ቀረ።

ይሄ ፎቶ የዚያ ዓመት ነው።
ከዚራ ላይ ሙሴ ያኒ፣ ጥቁር ጨርቅ ውስጥ ገብቶ፣
«አትተንፍሺ» ብሎ ያነሳሽ።
ላንቺ ምኑ ከብዶ።

ዛሬ ኖራ የሚቀባው ዚያድ ነው።
ደቻቱ ደርቋል፣ አሸዋው ይነድዳል፣
ኖራው በርሜል ውስጥ ይፍለቀለቃል።
መሰላሉ ላይ ወጥቶ፣ ጄሶ በመዳፉ፣
ስንጥቁን ሊደፍን ደርሶ ቀጥ አለ።
ፎቶሽ በነበረበት፣
እንደ ሳንቲም ክብ፣ እንደ ወረቀት ስስ፣
ነጭ የዕንቁላል ከረጢት ተለጥፏል፤
እሷም ተመልሳ ላዩ ላይ ተነጥፋለች።
መሸሽ እየቻለች።

አልጠየቀኝም።
ጄሶውን ወደ ባልዲው መለሰ፤
ብሩሹን ዙሪያዋን አዞረ፣
መዳፍ የሚያክል አሮጌ ግድግዳ ተወላት።
ኖራው ሲደርቅ ፎቶሽን መልሶ ሰቀለው፤
ከታች በኩል፣ በፍሬሙና በግድግዳው መካከል
አንድ የክብሪት እንጨት ሰካ።

«ትተንፍስ» አለ።